ጉጠት ለአንድ ቀን

«ዕቃ ነው እንጂ ኩላሊቷን አልጠየቅናትም!» አለ አጎቴ ጌንቾ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የቡት ጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። የኩሽናው በር ገርበብ ብሏል። አጎቴ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ የፕላስቲክ መስኮት ሲሸጥ ስለኖረ ሰው ሁሉ ከመስታወት ማዶ የቆመ ይመስለዋል።  ከእናቴ የሚሰማው የላባ ድምፅ ብቻ ነው። የቅዱስ አታናስ ቀን ስለሆነ ጥቁር ዶሮ አርዳ፣ ከፈላ ውኃ አውጥታ እየነጨቻት ነው። በዚህ ሳምንት የከተማችን የጋብሮቮ ዶሮ ነጋዴዎች ነጩን በድሮ ዋጋው ይሸጡና ጥቁሩ ላይ አሥር ሌቭ ይጨምራሉ፤ እናቴም ላባው የሚበላ ይመስል በየዓመቱ ትከፍላለች። «ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ፔና» አለ አጎቴ። «ጠዋት ተወስዶ ማታ ይመለሳል። ማን ምን ይጎድልበታል?» አሁንም ላባ። እናቴ እምቢ ስትል ድስት ታንኳኳለች። ዝም ስትል እሺ ማለቷ ነው። ድስቱ ይንኳኳ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። አልተንኳኳም።

ገባሁ።

«ኧረ ቪዲ! አሁን ስላንቺ ነበር የምናወራው» አለ አጎቴ፣ የእናቴን ዳቦ ቆርሶ እየጎረሰ።

«ሰማሁ። ኩላሊቴ ደህና ናት?»

እናቴ ቀና አላለችም። ጣቶቿ ላይ የተለጠፈውን ላባ በሽርጧ ጠረገችና ቀጠለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲሞት በእደ ጥበብ መንገድ ላይ ያለችው ሱቁ ባዶዋን ቀረች። ሱቋ የአንጥረኞች ማኅበር ንብረት ናት፤ ግን የሟች ቤተሰብ ቅድሚያ አለው። በቅዱስ አታናስ ቀን፣ በምሳው ላይ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በገዛ እጁ የሠራቸውን መሣሪያዎች በቆዳ ሽርጥ ላይ ዘርግቶ ለሽማግሌዎቹ ያሳያል። ጉጠት፣ መዶሻ፣ መሮ፣ መብሻ፤ ሁሉም የራሱ እጅ ሥራ። መሣሪያውን ከሱቅ የገዛ ሰው ለእነሱ ደንበኛ ነው፤ ምሳውን በልቶ ይሸኛል። በዚያ ቀን ደግሞ በከተማው ውስጥ እሳት የሚያነድ አንጥረኛ የለም። ቅዱሱ የእኛ ነው፣ በዓሉ የእኛ ነው፣ እቶን ሁሉ ቀዝቅዞ ይውላል። ስለዚህ «እስቲ ሠርተህ አሳየን» የሚል አይኖርም፤ አጎቴ ይህችን በደንብ አስቦባታል። ማኅበሩ ሴት አይከለክልም። ጠይቃ የምታውቅ ሴት የለችም እንጂ። እኔ ዛሬ ልጠይቅ ነበር። መሣሪያዎቼን ትናንት ዘይት ቀብቼ ሳጥን ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ።

«ዋናው ሱቁ ከቤታችን አለመውጣቱ ነው» አለ አጎቴ። «ካሎያን ከፊት ይቆማል፣ አንቺ ጋራዥሽ ውስጥ እንደ ልብሽ ትቀጠቅጫለሽ። ምን ቀረብሽ? ቱሪስት ሲመጣ ጢም ያለው አንጥረኛ ማየት ይፈልጋል። አንቺ ምንሽን ልታሳዪው ነው፣ ጉትቻሽን?»

«ካሎያን ጢም አለው እንዴ?»

«እያሳደገ ነው።»

ካሎያን የአጎቴ ልጅ ነው። ስሙ የንጉሥ ስም ነው፤ ከንጉሥነት የወረሰው ግን ሌላው ሲሠራ ተቀምጦ ማየትን ብቻ ነው። በሱቋ ውስጥ ምን እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ፋብሪካ የጠፈጠፋቸውን፣ ጀርባቸው ላይ ማግኔት የተለጠፈባቸውን ትንንሽ የፈረስ ኮቴ ብረቶች ከወዲሁ በካርቶን አዟል፤ ካርቶኖቹ በአጎቴ ኮሪደር ላይ እስከ ኮት መስቀያው ድረስ ተቆልለዋል። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ኮቴ! ፈረሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ይመስል።

«ደግሞ ግራኝ ነሽ» አለ አጎቴ፣ እንደ ሐኪም ድምፁን አለስልሶ። «ወንድሜ ራሱ ምን ይል ነበር? ግራኝ ብረት ሊቀጠቅጥ መስፍ ላይ ሲቆም አጠገቡ ያለውን ሰው ነው የሚመታው ይል ነበር። ነፍሱን ይማረውና።»

«ይል ነበር» አልኩ። እውነት ነው፣ ይል ነበር። «ቁልፉን ግን አልሰጥም።»

አጎቴ ወደ በሩ ጎን አየ። እኔም አየሁ። የጋራዡ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ባዶውን ነው።

«ካሎያን በማለዳ ወስዶታል» አለች እናቴ። የዕለቱ የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ የተናገረችውም ለዶሮዋ ነው።

ጋራዣችን ከባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ጀርባ በተደረደሩት ቆርቆሮ በሮች መሐል ነው። በአንደኛው የጎረቤት ቃሪያና ቲማቲም በማሰሮ ታሽጎ ይከርማል፣ በሌላው ጎማ የሌላት ሞስክቪች በጡብ ላይ ተቀምጣ ባለቤቷን ትጠብቃለች፣ በእኛው ውስጥ እቶን አለ። በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት፤ መቆለፍ እንኳ አልሆነለትም። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ የከሰል አቧራ ሳይነካው በአራት ማዕዘን ነጥቶ ይታያል። ሞርሳው አለ፣ አባቴ የተወልኝ መስፍ አለ፣ ውኃ የሞላው በርሜል ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። የእኔ የሆነው ነገር ብቻ የለም።

ከላይ መስኮት ተከፈተ። ወይዘሮ ጾንካ ናት፤ አንደኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ዓመቱን ሙሉ ከጭሴ ጋር የምትጣላ ጎረቤታችን።

«ዛሬ ጭስ የለም?» ብላ ጮኸች።

«የአታናስ ቀን ነው!»

«ተመስገን፣ አንሶላ ላጥብ ነው! ስሚ፣ አንድ አሮጌ ሽርጥ ያደረገ ልጅ ጠዋት ሳጥንሽን ሲወስድ አየሁ። ሌባ ነው ብዬ ልጮህ ነበር። ሲያነሳው ሳየው ግን አዘንኩለት።»

«ሽርጡ አሮጌ አይደለም፣ አዲስ ቆዳ ነው!»

«እንዲያ ከሆነ ሌባ ነው» አለችና መስኮቷን ዘጋች።

ጎኑ በተሰበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ለማንም የምመልሰው ምስጋና የለብኝም። አባቴ ለካሎያን ጥቂት ቅዳሜዎች አስተምሮት ነበር፤ ብልጭታ ክንዱን ሲነካው ልጁ ሆስፒታል ውሰዱኝ ብሎ ቀረ። እኔ የአባቴን ምሳ ይዤ በዚህ በር ላይ እቆም ነበር፤ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ። «አስቀምጪውና ሂጂ፣ ብልጭታ ይነካሻል» ይለኛል፣ እኔም አስቀምጬው አልሄድም። እሱ ሲያልፍ መዶሻውን አነሳሁ፣ በቀኝ እጅ እንዲለምድልኝ ብዙ ደከምኩ፣ ብረቱ ግን ከእኔ ድካም ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም፤ ዘሎ ግንቡን መታ። ከዚያ በኋላ በስልኬ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ቪዲዮ ላይ ያሉት ጢማሞች ሁሉ ቀኝ እጃቸውን ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ የአባቴን የጢም መላጫ መስታወት አምጥቼ ሞርሳው ላይ አሰርኩት፣ ስልኩን ወደ መስታወቱ አዞርኩት፣ ከእነሱ ሳይሆን ከመስታወቱ ውስጥ ተማርኩ። በመስታወት ውስጥ ሁሉም ግራኝ ነው። ያኔ ነው እጄ የተፈታው።

መዶሻዬን ከከባድ መኪና አክስል ነው የሠራሁት። እጀታ የሚገባበትን ዓይኑን በጋለበት በመብሻ በስቼ፣ ጎኖቹን አውርጄ፣ አጠንክሬ፣ እጀታውን ከሰፈራችን ከተቆረጠው የፕሪም ዛፍ ጠርቤ። መሮዎቹና መብሻዎቹ የመኪና ባሌስትራ ነበሩ። ጉጠቶቹ ግን አሳር አሳዩኝ። የመጀመሪያውን ስሠራ አንዱን ወገን ግራ ሌላውን ቀኝ አድርጌ ቀጠቀጥኳቸው፣ እንደ ጥንድ ጫማ፤ ችንካሩን ልመታ ስገጥማቸው አልተቋለፉም፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ቀሩ። ጉጠት ጥንድ ጫማ አይደለም። ወይ ሁለቱም ቀኝ፣ ወይ ሁለቱም ግራ መሆን አለባቸው። የእኔዎቹ ሁለቱም ግራ ናቸው። መዶሻውን በግራ ስለምይዝ ጉጠቱን በቀኝ ነው የምይዘው፤ በቀኝ እጄ ቀጥ ብለው ይነክሳሉ። ስሜን አልመታሁባቸውም። የማን ሌላ ሊሆኑ ነው ብዬ።

ከቤት ስንወጣ እናቴ ዶሮና ሩዙን የያዘውን ድስት በፎጣ ጠቅልላ አቅፋዋለች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው። በያንትራ ወንዝ ዳር በበረዶው ላይ ቀስ እያልን ሄድን። ዳቦ ቤቱን፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥበትን ኪዮስክ አለፍን። አንድ የምታውቃት ሴት «እንኳን አደረሳችሁ! ዘንድሮ ዶሮው ስንት ገባ?» ስትላት «አትጠይቂኝ» አለቻትና ሳቀች፤ ሳቋን ሴትየዋ እንዳለፈች መልሳ ዘጋችው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አፌን አልከፍትም በዪ።»

«ምን?»

«አባትሽን ቀብረን ገና ሐዘን ላይ ነን። በጓደኞቹ ፊት እኔ ነኝ እሱ ነው እየተባባላችሁ ቤቴን ገበያ እንዳታደርጉት። ከአጎትሽ ሌላ ማን አለን? አፌን አልከፍትም በዪ።»

«እማ፣ ሰርቀውኛል እኮ።»

«ቪዳ። በዪ።»

ከድስቱ የወጣው እንፋሎት አገጯ ላይ ጤዛ ሆኖ ነበር። ጓንት አላደረገችም፣ የድስቱ ጆሮ ጣቶቿን አቅልቷቸዋል። እኔ ደግሞ ቃል ከገባሁ የማላፈርስ ሞኝ ነኝ፤ እናቴ ይህን ስለምታውቅ ነው የጠየቀችኝ።

«አልከፍትም» አልኩ።

የማኅበሩ አዳራሽ ድሮ የሁሉም የጋራ ወርክሾፕ የነበረ ረጅም ክፍል ነው። እቶኑ ተጠርጎ አመዱ ወጥቷል፣ መሐል ላይ ያለው ትልቁ መስፍ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በላዩ የደረቀ በሶብላ ተቀምጦበታል። ራኪያው፣ የፍራፍሬ አረቄያችን፣ በማር ፈልቶ በብርጭቆ እየዞረ ነው፤ የፈላው ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ በዚህ ቀን ከከሰል ጋር ንክኪ የለም። ወንዶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሚስቶቻቸው ከድስቶቻቸው ጋር ግድግዳውን ተደግፈው። ጠረጴዛው ራስ ላይ አባባ ናይደን ተቀምጠዋል፣ የማኅበሩ ሽማግሌ፤ ሁለቱም ጆሯቸው በመስፍ ጩኸት ስለደከመ ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩን ነው የሚያዩት። በየዓመቱ የሚነግሩንን ዘንድሮም ነገሩን፦ ቅዱስ አታናስ የጋለ ብረት በእጁ ይዞ እየተቃጠለ ሲቸገር፣ ውሻው በሩ ላይ ተኝቶ የፊት እግሮቹን አቆላልፎ አየ፣ ከዚያም «አሃ!» ብሎ ጉጠትን ሠራ። ከዚያ የሐር ሸሚዙን ለብሶ ተራራ ላይ ወጥቶ «ሂድ ብርድ፣ ና በጋ!» ብሎ ጮኸ። በየዓመቱ ውሻው እየወፈረ፣ ተራራው እየረዘመ ይሄዳል፤ እኛም በየዓመቱ እንደ አዲስ እንሰማለን።

ካሎያን ቆሞ ነበር። ጢሙን አየሁት። አገጩ ላይ ጥቂት፣ ጉንጩ ላይ ምንም፤ ድመት ልሳ የተወችው ይመስላል። ሽርጡ በጣም አዲስ ከመሆኑ የተነሳ ሲተነፍስ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ የዋጋ ወረቀቱ ተቆርጦ ክሩ ብቻ በወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። አጎቴ ከጎኑ ሆኖ ለሚያልፈው ሁሉ «አያቱን ነው የመሰለው፣ እጁን እዩት፣ የአያቱ እጅ ነው!» ይላል። ጎረቤቱ የሆነ ቢላ ሠሪ፣ ቬልቾ የሚባል ወፍራም ሰውዬ፣ የካሎያንን እጅ ጨብጦ አገላብጦ አየና «የአያትህ እጅ ክሬም ይቀባ ነበር እንዴ?» አለው። አጎቴ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ሰዓቱ ሲደርስ ካሎያን ሽርጡን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሳጥኔን ገለበጠው። ገለበጠው ነው ያልኩት። መሮዬ ከመዶሻዬ ጋር ተጋጨ፣ አንዱ መብሻ እየተንከባለለ ዳቦው ሥር ገባ። ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ስልኩን ለአባቱ ሰጠና አንዱን ጉጠት በግራ እጁ፣ መዶሻዬን በቀኝ እጁ ይዞ ለፎቶ ቆመ። ጉጠቱን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አደረገ። የጉጠቱ ጥርሶች በእጁ ውስጥ ተንሸዋረሩ፤ የግራኝ መቀስ የያዘ ሰው እንኳ በሁለተኛው ጭብጥ ያውቀዋል። እሱ ፈገግ ብሎ ነበር።

ያኔ ንዴቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቃሌን እንደምጠብቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

«ቪዲ፣ አንቺ እስቲ በወጉ ደርድሪለት» አለ አጎቴ። «እንደሱ ያሉት እንዲህ ያለው ነገር ላይ ጥንቁቅ አይደሉም፣ አርቲስቶች ናቸው።»

ደረደርኩ። ወጉ ቅዱሱ የሠራው ይቀድማል ነውና ጉጠቶቹን ከፊት፣ ከአባባ ናይደን እጅ ሥር፤ ከዚያ መዶሻዋን፣ ከዚያ መሮና መብሻውን። መብሻውን ከዳቦው ሥር አውጥቼ ፍርፋሪውን አራገፍኩለት። ከዚያ ተመልሼ ከእናቴ ጎን ግድግዳውን ተደገፍኩ። እናቴ ጫማዋን ታያለች።

አባባ ናይደን የመጀመሪያውን ጉጠት አነሱ። ያነሱት ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት ነው፣ በግራ እጃቸው፤ ቀኛቸው ሳያስቡት መዶሻ እንደያዘ ሆኖ በአየር ላይ ቀረ። ጨበጡ። ግንባራቸው ተኮማተረ። እንደገና ጨበጡ፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ለቬልቾ አቀበሉት። ቬልቾም በግራ እጁ ጨበጠና «እንዴ!» አለ።

«ይኼ ውሻ እግሩን የት ነው ያቆላለፈው?» አለ አንድ ከወዲያ ጫፍ። ሳቅ ሆነ።

ሁለተኛውን አነሱ። ያው። ሦስተኛውን።  በማኅበሩ ዘንድ በተሳሳተ በኩል የተቆላለፈ ጉጠት የጀማሪ ስህተት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ያቀረበውም ሰው ለከርሞ ይመለሳል። አባባ ናይደን ሦስቱን ጉጠት አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አስቀመጡ።  የአጎቴ ፊት እንደ ካሎያን ሽርጥ ደርቆ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አባባ ናይደን!» ተነሳ። «እነዚህ የልጁ አይደሉም!»

«ምን አልክ?» አሉ ሽማግሌው፣ ከንፈሩን እያዩ።

«የሱ አይደሉም! የሷ ናቸው!» ጣቱ እኔ ላይ ነው። «የወንድሜ የሚንቾ ልጅ፣ ያቺ ግራኟ! ጋራዥ ውስጥ ስትጫወት የሠራችው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ተቀላቅሎበት ነው እንጂ ካሎያን እንዲህ ያለ ነገር ያበላሻል?»

«እንዲህ ነው ልጄ?» አሉት ሽማግሌው ካሎያንን።

«የቪዳ ናቸው» አለ ካሎያን። «ነግሬያታለሁ እኮ፣ አትሰማም።»

ነግሬያታለሁ! ምላሴን በጥርሴ ያዝኩ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ በተለይ ግራ እጄን፣ ወለሉ ላይ ያሉትን ጉጠቶች አዩ፣ ቀስ ብለው ወደ ካሎያን ዞሩ። የቀሩትን ሁለት ጉጠቶች አነሱና ጨበጡ። «እነዚህስ?» «እነሱም የሷ ናቸው» አለ አጎቴ በጥድፊያ። ከዚያ መዶሻዬን አነሱ። ዓይኑን አዩት። እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም፣ ይህን መቼም አልረሳውም፣ የጎመዘዘ ነገር እንደቀመሰ ሰው አፋቸውን አጣመሙ።

«እምም… ይኼስ?»

አጎቴ ደመና እንደሚያይ ገበሬ የሽማግሌውን ፊት አየ። «ምን… ምን ሆኗል?»

«እኔ ምን አውቄ። የማን ነው ነው ያልኩት።»

ካሎያን አባቱን አየ። አባቱ መዶሻውን አየ፤ መዶሻው ምን እንደጎደለው ማወቅ ቢችል ኖሮ ሁለታችንም እዚያ ባልቆምን ነበር።

«እሱም የሷ ሳይሆን አይቀርም» አለ አጎቴ።

«ሳይሆን አይቀርም?»

«የሷ ነው» አለ ካሎያን። «እኔ እንደዚህ አልሠራም።»

ቬልቾ ራኪያው ትን አለው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆመው አልቻለም። ሽማግሌው መሮ ያነሳሉ፣ ፊታቸውን ያኮማትራሉ፣ «ይኼስ?» ይላሉ፤ ካሎያን «የሷ!» ይላል። ሌላ መሮ። «የሷ!» መብሻ። «እሱማ የሷ ነው!» በአዳራሹ ውስጥ ላለው ሁሉ ሽማግሌው ምን እያደረጉ እንደሆነ ገብቶታል፣ ሚስቶቹ አፋቸውን በሻሽ ይዘዋል፤ ያልገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ከእሳት እንዳመለጡ ሰዎች በእያንዳንዱ «የሷ» ይተነፍሳሉ። በመጨረሻ ሽርጡ ባዶውን ቀረ። አባባ ናይደን የቆዳውን ጫፍ በሁለት ጣት አነሱ።

«ይኼስ?»

«እሱ የኔ ነው!» አለ ካሎያን ቶሎ ብሎ።

«ጎሽ» አሉ ሽማግሌው። «ጻፉልኝ፣ ልጁ ሽርጥ አለው።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። አጎቴም በልማድ ከሁሉ በላይ መሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ቆመ። ያኔ ነው የገባው። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ዝም ብዬ ነበርና የሚወረውርብኝ ነገር አጣ።

«አንቺ ልጅ» አሉ አባባ ናይደን። ሳቁ ጠፋ። «ሁለት ሰው መሰከረልሽ። አንቺስ ምን ትያለሽ? እነዚህ ያንቺ ናቸው?»

አፌ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ፣ መስታወቱ፣ አክስሉ፣ የፕሪሙ ዛፍ፣ ማለዳ የተወሰደው ቁልፍ፣ ጥርሴ ላይ መጥቶ ቆመ። ቃል ገብቻለሁ። እናቴን አየኋት። እሷ አሁንም ጫማዋን ታያለች፤ ጣቶቿ ከድልድዩ ላይ ይበልጥ ቀልተው ድስቱን እንዳቀፉ ናቸው። ሽማግሌው ጠበቁ። አንዱ አሳለ። አጎቴ «ዝም አለች እኮ፣ ዝምታዋ…» ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተ።

እናቴ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። አስቀመጠችው አልልም። ክዳኑ ዘሎ ተመልሶ ጠርዙ ላይ እየተሽከረከረ ጮኸ፣ ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ፣ የጥቁሯ ዶሮ መረቅ የካሎያን ሽርጥ ላይ ተረጨ።

«የሷ ናቸው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለራሷም ያነሰባት ይመስል፣ ጆሮ ለደከመው ሽማግሌ ከንፈሯን እያሳየች ደገመችው። «ሁሉም። የልጄ ናቸው። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ መመለስም ያለብኝ እኔ ነኝ።»

አባባ ናይደን ተነሱ። ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ ያስቀመጧቸውን ሦስት ጉጠቶች አንድ በአንድ አነሱ፣ ጉልበታቸው ተንቋቋ፣ ማንም አልረዳቸውም፤ ይህን ራሳቸው ማድረግ እንዳለባቸው ሁሉም ያውቃል። መስፉ ላይ ያለውን በሶብላ አነሱ፣ ነጩን ጨርቅ ገፈፉ። ማኅበሩ የተቀበለው ሰው ያለ እሳት፣ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ሱቁ የሚሰጠው እንደዚያ ነው። ከጥግ አንድ ቁራጭ ብረት አምጥተው መስፉ ላይ አኖሩልኝ።

በቀኝ እጄ ጉጠቱን ያዝኩ። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ብረቱን ነከሱት። ሽማግሌው ጭብጤን አዩ፣ የራሳቸውን ግራ እጅ አዩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለካ ውሻው በሌላው ጎኑም ይተኛል» አሉ።

መዶሻዬን በግራ እጄ አነሳሁ። አጎቴ ጌንቾ እዚያው፣ በግራዬ በኩል፣ መስፉ አጠገብ እንደተገተረ ነበር፤ በቁጣ ይሁን በድንጋጤ እግሩ የተተከለ ይመስላል። እናቴ ለወንዶቹ ዶሮ መጨለፍ ጀምራለች። ለሱም አንድ ሳህን ሞልታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችለት፣ ከመስፉ ራቅ አድርጋ።

ከድልድዩ ወዲህ አፌን የከፈትኩት ያኔ ነው።

«አጎቴ፣ ፈቀቅ በል» አልኩት። «ግራኝ ነኝ።»